ጥፋቱ የገጣሚው ነው

ከሚየርቪ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ለአመል ትወጣለች፤
ሁለት ሰዓት ያህል ታይታ፣ «ነበርኩ» ብላ ትገባለች።
ሐይቁ ድንጋይ፤ ጥዱ ከበረዶው ክብደት ጎብጦ፣
በኦይቫ ጋራዥ ምድጃው ብቻውን ቀልቶ ተቀምጦ፣
እኔ በእጄ የእጅ ባትሪ፤ ድርሻዬ ማብራት ብቻ፣
ስለ ሞተር የማውቀው ማጥፊያና መክፈቻ።

ባለመኪናዋ ቱሊኪ ናት። ስሟ ውስጥ ንፋስ አለ፤
የገዛችውም ንፋስ ነው፣ ቀንድ አውጣ እየመሰለ፣
በካርቶን ተጠቅልሎ የመጣ፣ ከፋብሪካው ዋጋ በሲሶ፣
ሽማግሌውን ቮልቮ ጎረምሳ ሊያደርገው መልሶ።

የመጀመሪያው ቱርቦ ዘጠኝ ቀን ቆየ፤
በዐሥረኛው ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ታየ።
ሁለተኛው አላጨሰም።
አፏጨ፤ ከዚያ ጮኸ፤ ከዚያ ምንም አላሰማም።
ሻጩ ከሩቅ ጻፈ፦ «ጥፋቱ የገጣሚው ነው።»
(ገጣሚዋ መሆኗን ማን ነግሮት?)

ኦይቫ መጣ። ሰባ ሁለት ዓመቱ፣ የግንድ ጫኝ መኪና ሐኪም፤
ቃሉ እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው፣ ሳይነቅሉት አይለቅም።
ዘንጉን በሁለት ጣት ይዞ ወዘወዘው፤ ይላወሳል።
ወደ ባትሪዬ አስጠጋው፤ አንገቱ በሙቀት ጠቁሯል።
«ጠምቶት ነው የሞተው» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ።

ጠምቶት?
ልኩ እስከ አፉ ሞልቶ፣
ግፊት ቆጣሪው አራት እያሳየ፣ ፓምፑ እንደ ልብ መትቶ፣
በምን ይጠማል?

መልሱን መፍቻው ሰጠ። የዘይት መግቢያውን ፈታ፣
ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቀይ፣ ለስላሳ ነገር
በወረንጦ ሳበ፣ ቀስ ብሎ፣ በዝግታ።
የማሸጊያ ሙጫ።
ያንን ጭስ ካየች ወዲህ መፍሰስ የሚሉት አስፈርቷት፣
ቀብታ፣ ደርባ፣ ደግማ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶባት፤
ጠብታ እንዳይወጣ ስትል
ጠብታ እንዳይገባ ዘግታ።
ለዘንጉ ጠብ አላለለትም።

«የመጀመሪያውስ?» አለች።
ኦይቫ በጀርባው ተኛና ከሥር አየ፣ ረጅም ጊዜ።
የመመለሻው ጎማ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ፣
ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ይወጣል።
«ሲገባ ፓምፕ አለው። ሲወጣ ማንም የለው።
ክብደቱ ብቻ ነው የሚያወጣው።»
በዚያ ሳምንት ከዚህ የረዘመ ንግግር አልወጣውም።

ማር ሲበዛ ይመራል፤ ዘይትም መውጫ ሲያጣ
በማኅተሙ ሾልኮ ወደ እሳቱ ወጣ።
አንዱ ሰጠመ፣ አንዱ ጠማው፤
ሞተሩ ያው፣ ዘይቱም ያው።

ሦስተኛውን ስትገጥም ብርዱ ከሠላሳ በታች ነበር።
አጭር ጎማ፣ ወፍራም፣ ቁልቁል፤
ሙጫ የለም፤ የመዳብ ቀለበት።
በመርፌ ዘይት አጠጣችው፣ ክንፉን በጣቷ አዞረች፤
የነዳጁን ፊውዝ ነቅላ ሞተሩን እንዲሁ አሽከረከረች።
ዘይቱ እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ቆጣሪው ከዜሮ አልላቀቅ ሲል
ጠበቀች። አፍስሳ መልቀም በቅቷታል።
መርፌው ብድግ አለ። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት፣
መብራቱ በእጄ ነበራ!

ሐይቁን ዞራ ተመለሰች። ጭስ የለም። ግን አላጠፋችም፤
የጋለ ቱርቦ ድንገት ሲቆም ውስጡ ያለው ዘይት ከስሎ ይቀራል፣
ይህን ኦይቫ አልነገራትም፣ ቆጣሪውን ብቻ ነካ አደረገ።
እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እኔ ቤቴ ገባሁ። ደብዳቤው ትዝ አለኝ፣
እኔም ገጣሚ ነኝና፣ ጥፋቱ ለእኔም ደረሰኝ።
ስንቱን ቃል በግፊት ሞልቼ መመለሻ ነሣሁት፣
ስንቱን ደግሞ እንዳይፈስብኝ አፉ ላይ መረግሁት።
አራት መስመር ሰረዝኩ።
በመስኮቴ ሥር ቮልቮው ገና አልጠፋም፤
ዝግ ብሎ ይተነፍሳል።